የአያት ስም

በ1979 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ በተደረደረው አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የኪራሙ ተወላጅ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር። በጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው የካርቶን ማኅደር አንድ ጣት ይወፍራል። በውስጡ የቀበሌው የይለፍ ወረቀት፣ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሚስቱ ሩስኛ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት የተሰጠ ማረጋገጫ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ፣ የሚስቱ ፓስፖርትና ጉርድ ፎቶግራፎች ነበሩ። በሸሚዙ ኪስ ያለው ወረቀት ግን ለማንም የሚታይ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ከኪራሙ በሰው እጅ የላከው ደብዳቤ ነው፤ እናታቸው ከጳጉሜን ጀምሮ አልጋ ላይ መዋላቸውን፣ ምራታቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ሳያዩ እንዳይሞቱ መፍራታቸውን ይገልጣል።

ሚስትየዋ የኪየቭ ተወላጅ ናት። ባልየው በዚያች ከተማ የእርሻ ትምህርት ሲከታተል ተዋወቁ፤ ተጋቡም። አዲስ አበባ ከገቡ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ኪራሙን አላየቻትም። መጀመሪያ ሁለተኛውን ልጅ አረገዘች፤ ቀጥሎ ሥራ ያዘች፤ ከዚያም «በሚቀጥለው ክረምት» እየተባለ ጊዜው አለፈ። ከልብ ለመሄድ በተነሡ ጊዜ ደግሞ ፈቃድ የሚባለው ነገር ፊት ለፊታቸው ቆመ።

ያን ዘመን በዕድሜው ያልደረሰበት አንባቢ ይህን ለመረዳት ሊቸገር ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያዊ ዜጋ ከሚኖርበት ቀበሌ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሲጓዝ የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት ይይዛል፤ ገበሬም ከገበሬ ማኅበሩ ያወጣል። የውጭ አገር ዜጋ ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ለማለት ሌላ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ የሚሄድበት ስፍራ፣ የሚሄድበት ምክንያት፣ የሚቆይበት ቀን በወረቀቱ ላይ ይጻፋል። በሰሜን ጦርነት ነበረ፤ በየኬላው ፍተሻ ነበረ፤ በየቢሮው ጥርጣሬ ነበረ። ሚስትየዋ የወዳጅ አገር ዜጋ መሆንዋ እንኳ ነገሩን አላቀለለውም። በኅዳር 1971 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት በሞስኮ የተፈራረሙት የወዳጅነትና የትብብር ውል መንግሥትን ከመንግሥት ጋር ያገናኘ እንጂ ምራትን ከአማት ጋር ለማገናኘት የታሰበ አልነበረም። ጉዳዩ ሌላም ገጽታ ነበረው። ያው መንግሥት በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ሕዝብ ከወሎና ከሌሎች ድርቅ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንሥቶ ወለጋን ወደመሳሰሉ ክፍላተ ሀገር አስፍሯል፤ ከሰፋሪዎቹም ብዙዎቹ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። መሄድ የሚፈልገው ወረቀት ይጠይቅ ነበር፤ መሄድ የማይፈልገው ደግሞ ያለ ወረቀት ይሄድ ነበር።

ለሚስትየዋ ይህ የመጀመሪያዋ ፈቃድ አልነበረም። በአገሯ ሕግ የሶቪየት ዜጋ ከውጭ አገር ሰው ጋር እንዳይጋባ በየካቲት ወር 1947 እ.ኤ.አ. በወጣ ድንጋጌ ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተሻረው በ1953 እ.ኤ.አ. ማብቂያ፣ ስታሊን ከሞተ በኋላ ነው። እርስዋ ስታገባ ጋብቻው ራሱ የተፈቀደ ነበር፤ ዛግስ በሚባለው መዝገብ ቤት ተፈራርመው አበባ ይዘው ወጡ። አስቸጋሪው ከባል ጋር ከአገር መውጣቱ ነበር። ኦቪር በሚባለው የቪዛና የምዝገባ ክፍል ማመልከት ነበረባት፤ ከሥራ ቦታዋ ስለ ጠባይዋ የተጻፈ ምስክርነት ማቅረብ ነበረባት፤ ከሁሉም በላይ ወላጆችዋ የልጃቸውን መውጣት እንደማይቃወሙ፣ ከእርስዋ የሚፈልጉት ዕዳም ሆነ ጡሪታ እንደሌለ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነበረባቸው። አባትዋ ፈረመ። እናትዋ ግን ወረቀቱን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት አስቀምጣ፣ በየማታው የሻይ ብርጭቆ እያስቀመጠችበት ሰነበተች፤ በመጨረሻ የፈረመችበት ወረቀት በብርጭቆ ክብ የታተመ ነበር ይባላል። እንግዲህ ሁለት እናቶች አሉ፤ አንደኛዋ ልጇን ለመስጠት ፈርማለች፤ ሌላዋ የልጃቸውን ሚስት ለመቀበል ማኅተም ይጠብቃሉ።

ተራቸው ደርሶ ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ጉዳዩን የያዘው ጸሐፊ ቅጹን ከፓስፖርቱ ጋር እያስተያየ ጥቂት ቆየ። ቅጹ ሦስት የስም መስመሮች ነበሩት፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ በአባቱ ስም ይለያል፣ በአያቱ ስም ይረጋገጣል። ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። በሶቪየት ኅብረት የሴትየዋ ስም ሦስት ክፍል አለው፤ የራስዋ ስም፣ ከአባትዋ ስም የተገኘ መጠሪያና የቤተሰብ ስም። ይህ ሦስትነት ከቅጹ ጋር ልክ ለልክ የገጠመ ስለ መሰለ ጸሐፊው መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። የራስዋን ስም በስም መስመር፣ ከአባት የተገኘውን በአባት መስመር አሰፈረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አነሣ።

«የእርስዎና የባለቤትዎ የአያት ስም አንድ ነው» አለ።

«አዎ፣ አንድ ነው።»

«ዘመዳሞች ናችሁ እንዴ?»

ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ጸሐፊው አልሳቀም። በአገራችን ባህል እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ነው ጋብቻ የሚፈጸመው፤ በአያት የሚገናኙ ሰዎች ተጋቡ ማለት ነውር ነው። ባልየው በትዕግሥት አስረዳ። በሚስቱ አገር ሴት ስታገባ የባሏን የቤተሰብ ስም መያዝ የተለመደ ነው፤ የእርሱ ፓስፖርት ግን የቤተሰብ ስም ስለሌለው፣ የመዝገብ ቤቱ ሰዎች በመጨረሻ የተጻፈውን ስም፣ ማለት የአያቱን ስም፣ እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ለሚስቱ ሰጧት። ስለዚህ በወረቀት ላይ የኪራሙው ሽማግሌ የኪየቭዋ ሴት አያት ሆነዋል።

«ታዲያ የራስዋ አያት ማን ይባላሉ?»

ባልየው ዞር ብሎ በሩስኛ ጠየቃት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ያልተመለሰውን አያቷን ስም ነገረችው። ጸሐፊው ስሙን አድምጦ ራሱን ነቀነቀ፤ በፓስፖርቱ ላይ የሌለ ስም ሊጽፍ እንደማይችል ተናገረ። ከዚያ ወደ ልጆቹ አለፈ፤ እዚያም ነገሩ ባሰ። ልጆቹ በቀበሌው መዝገብ በአባታቸውና በአባታቸው አባት ስም ተመዝግበዋል፤ በእናታቸው ፓስፖርት ላይ ግን ሦስተኛው ስማቸው የቅድመ አያታቸው ነው። «ልጆቹ ሁለት አያት አላቸው» አለ ጸሐፊው። ባልየው ሁለት አያት የሌለው ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ ቢመልስለትም፣ ቀልዱ ለማኅደሩ አልጠቀመም። ጉዳዩ «ማብራሪያ ያስፈልገዋል» ተብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሦስት ሳምንት አለፈ።

ጸሐፊውን ክፉ ሰው አድርጎ መሣል ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይሆንም። በየቀኑ በፊቱ የሚቀርቡት ወረቀቶች አንዱ ቢሳሳት ተጠያቂው እርሱ ነው፤ ባይፈቅድ ግን የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሰው ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አያዳግትም። ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣውና በዚያ ጊዜም የጸናው የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ፣ ኢትዮጵያዊን በሕግ ያገባች የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ የኢትዮጵያ ዜግነት ታገኛለች ይል ነበር። ከአባቱ ወይም ከእናቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅም በአገር ውስጥ ይወለድ በውጭ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በዚህ ሕግ ዓይን ቢታይ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡት አራት ሰዎች መካከል የውጭ አገር ሰው አልነበረም። ነገር ግን ሴትየዋ የያዘችው ቀዩን የሶቪየት ፓስፖርት ነበር፤ ጠረጴዛው የሚያውቀው ደግሞ ፓስፖርትን ነው። ባልየው ሕጉን አልጠቀሰም፤ አያውቀውም ነበር። ጸሐፊውም አልጠቀሰም። ሕጉ ለጋስ፣ ጠረጴዛው ንፉግ ነበር፤ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

የሕጉም ለጋስነት ቢሆን ወገን ያለው እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም። ያው የ1922 ሕግ ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ አገር ሰው አግብታ የባሏን ዜግነት ካገኘች የራስዋን ዜግነት ይነጥቃት ነበር። የሌላውን ልጅ በጋብቻ ሲቀበል የራሱን ልጅ በጋብቻ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ይህ የተቋረጠው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 33 ጋብቻ የወንድንም ሆነ የሴትን ኢትዮጵያዊ ዜግነት እንደማያስቀር ደንግጓል።

በኪራሙ በኩል ግን ነገሩ ከተወሰነ ቆይቶ ነበር። በኦሮሞ ሕዝብ ባህል ባዕድን ወገን የማድረግ ሥርዓት ጥንታዊ ነው። ልጅን እንደ አብራክ ክፋይ ተቀብሎ ማሳደግ ጉዲፈቻ ይባላል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጉዳይ የአማርኛ ቃል ሲፈልግ ይህንኑ ቃል እንዳለ ወሰደው፤ ዛሬ የኦሮምኛ ቃል መሆኑን ሳያስታውስ የሚጠቀምበት ሰው ብዙ ነው። ግለሰብን ወይም አንድ ጎሣን በሙሉ ወደ ራስ ጎሣ ማስገባት ደግሞ ሞጋሳ ይባላል። የቃሉ መሠረት ስም ማውጣት ነው። የገባው ሰው ያስገባውን ጎሣ የዘር ሐረግ እንደ ራሱ ይቆጥራል፤ በዘመድ መብቱ ይጠየቅለታል፤ በዘመድ ግዴታውም ይጠየቃል። አዲስ ሙሽራም ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቶችዋ ስም ያወጡላታል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የምትጠራው በዚያ ስም ነው። እናትየውም ለማያውቋት ምራታቸው ገና የጋብቻው ወሬ እንደ ደረሳቸው ስም አውጥተው በደብዳቤ ልከውላት ነበር። ስሙ የቤተሰቡ ነውና እዚህ አይጻፍም፤ ትርጉሙ ግን ከምስጋና ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ስም የሚቀበል መስመር በቅጹ ላይ አልነበረም።

በኅዳር ወር መጀመሪያ ፈቃዱ ወጣ። ለ10 ቀናት የሚያገለግል፣ ምክንያቱ ቤተ ዘመድ ጥየቃ፣ መድረሻው ነቀምት ይላል። የአያት ስም በሚለው መስመር ከፓስፖርቱ እንዳለ የተገለበጠው የባልየው አያት ስም ተጽፏል። ማብራሪያው የት እንደ ደረሰ የነገራቸው የለም።

«ኪራሙስ?» አለ ባልየው።

«ነቀምት ሲደርሱ እዚያው ይጠይቁ።»

ወደ ወለጋ ለመግባት ፈቃድ መጠበቅ የቆየ ታሪክ አለው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሸጦ ከአገሩ ከወጣ በኋላ ለመመለስ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ተነሥቶ፣ አንድ ጊዜ በሱዳን በኩል ሌላ ጊዜ በሸዋ በኩል ሞክሮ አልተሳካለትም። ትርጉሙ በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ፤ እርሱ ራሱ ወደ ወለጋ የገባው ግን በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። መጽሐፉ ከሰውየው ቀድሞ ተጠናቀቀ። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አምስት ሳምንት ምንም አይደለም፤ አልጋ ላይ ያለ ሰው ለሚጠብቀው ግን ብዙ ነው።

መንገዱ በሆለታ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በባኮና በስሬ አልፎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። ወቅቱ ዝናም ካቆመ በኋላ ስለ ነበር የኑግ አበባ ብጫ ገና አልረገፈም፤ ልጆቹ በአውቶቡሱ መስኮት ፊታቸውን ለጥፈው ሄዱ። ኬላ በደረሱ ቁጥር ሚስትየዋ ወረቀቷን ይዛ ትወርዳለች። ከኬላዎቹ በአንዱ ላይ አንድ ወጣት ወታደር የባልና የሚስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ ካነበበ በኋላ ባልየውን «እኅትህ ናት?» አለው። ቀና ብሎ የሴትየዋን ፊትና ፀጉር ሲያይ ራሱ ቀድሞ ሳቀ። በዚያ ጉዳይ ላይ የሳቀ የመጀመሪያው ባለሥልጣን እርሱ ነበር። ወረቀቱን መልሶ ሰጣትና ልጆቹን በእጁ ሰላም አለ።

ነቀምት ላይ ያለው ነገር በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ከነቀምት ወደ ኪራሙ ለመቀጠል የሚያስፈልገው ፈቃድ ከአዲስ አበባ መጠየቅ እንዳለበት ተነገራቸው፤ ከአዲስ አበባ የመጡትም ነቀምት እንዲጠይቁ ተነግሯቸው ነበር። ደብዳቤ ተጻፈ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሊቀበላቸው የመጣው ታናሽ ወንድም ብቻውን ወደ ኪራሙ ተመለሰና የሆነውን ለእናቱ ነገረ። እናትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ ምራታቸው ወደ እርሳቸው መምጣት ካልተፈቀደላት እርሳቸው ወደ ምራታቸው ለመሄድ ማን እንደሚከለክላቸው ጠየቁ።

በማግሥቱ ጠዋት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከደብተር በተቀደደ ግማሽ ወረቀት ላይ የይለፍ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት። ጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ምራታቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ወደ ነቀምት መሄዳቸውን ይገልጣል። ማብራሪያ አልተጠየቀበትም። ከቤታቸው እስከ መኪና መንገድ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸከሟቸው፤ ከዚያ የእህል ጭነት መኪና ሹፌር ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀመጣቸው። ከዓባይ ገደል አፋፍ ብዙ ከማይርቀው ደጋ ተነሥቶ፣ በጊዳ አያና አድርጎ፣ ወደ ሞቃቱ የአንገር ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ ነቀምት የሚወጣው መንገድ ለጤነኛም ቀላል አልነበረም።

ነቀምት የደረሱት ማታ ነው። በዘመድ ቤት በር ላይ ከመኪናው ሲያወርዷቸው ሚስትየዋ ቀርባ ባሏ ያስጠናትን ሰላምታ «ባጋ ነጋን ዱፍተን» አለች። እናትየው አልመለሱም። መጀመሪያ በሁለት እጃቸው ፊቷን ይዘው አዩ፤ ከዚያ ባወጡላት ስም ጠሯት። በዚያ ስም ስትጠራ በጆሮዋ የሰማችው ያን ጊዜ ነበር፤ በደብዳቤ ላይ ተጽፎ እንጂ ሲጠራ ሰምታው አታውቅም። «ኢንተላ ኮ» አሉ ቀጥለው፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

በእቃቸው ውስጥ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አንጮቴ ነበር፤ ወቅቱ ነው፤ ከመስቀል ጀምሮ በወለጋ ከየጓሮው የሚቆፈርበት ጊዜ ነው። ቅቤም ነበር። በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ፣ ቡና ቀላ፣ ቀረበና ልጆቹ እየሳቁ ቆረጠሙት። እናትየው ራሳቸው ከአንድ ጉርሻ በላይ አልቀመሱም፤ ትራስ ተደግፈው ሌላው ሲበላ ያያሉ።

በሁለተኛው ቀን ያ ብዙ የተደከመበት ወረቀት ምን እንደሚመስል ለማየት ፈለጉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እናትየው ማንበብ ይችሉ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተካሂዶ ነበር፤ ኦሮምኛም በግዕዝ ፊደል፣ «በሪሳ» ጋዜጣ ይታተምበት በነበረው ፊደል፣ ይሰጥ ነበር። እናትየው በስተርጅና ከልጅ ልጆች እኩያ ከሆኑ ዘማቾች ፊት ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል፤ የምስክር ወረቀታቸውም በቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ዘመን ስለ ተሠራው ብዙ ነገር ብዙ ሊባል ይችላል፤ ይህ ግን መልካም ሥራ ነበር።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው በጣታቸው እየተከተሉ አንድ በአንድ አነበቡ። የምራታቸው ስም ለምላሳቸው አስቸገረ። የአባቷም ስም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ፊደል አሉ፤ ሁለተኛውን አሉ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ጣታቸው ግን ከስሙ ላይ አልተነሣም።

የባልየው አያት የእናትየው አማት ናቸው። በባህሉ ምራት የአማቷን ስም አፍ አውጥታ አትጠራም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ቢገጥማት በሌላ ቃል ትተካዋለች። እኚህ ሴት ሙሽራ ሆነው ከገቡበት ቀን ጀምሮ፣ አማታቸው ከሞቱም በኋላ፣ ያን ስም በአፋቸው አላወጡትም። አሁን በመንግሥት ወረቀት ላይ፣ ከምራታቸው ስም ጋር፣ በማኅተም ሥር ተጽፎ አገኙት። ልጃቸው ነገሩ በስሕተት የሆነ መሆኑን፣ መዝገብ ቤቱንና ቅጹን እያነሣ ማስረዳት ጀመረ። በእጃቸው አስቆሙት።

«እኔ ይህን ስም ሳልጠራው አረጀሁ» አሉ፤ «እርስዋ ይዛው መጣች።»

ወረቀቱን አጥፈው ለምራታቸው መለሱላት። ስለዚያ ጉዳይ ሌላ አልተናገሩም።

ከአዲስ አበባ የሚጠበቀው መልስ በ10ሩ ቀናት ውስጥ አልመጣም። እናትየው በመጡበት ዓይነት መኪና ተመለሱ፤ ልጅ፣ ምራትና የልጅ ልጆችም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በተከታዩ ግንቦት የሞታቸው መርዶ መጣ። ባልየው የቀበሌውን ይለፍ በዚያው ቀን አውጥቶ ሄደ፤ የሚስቱ ማመልከቻ ግን ተቀባይነት አግኝቶ በሂደት ላይ መሆኑ ተገለጠ። ለቅሶው ላይ የተሰበሰበው ሰው ምራቲቱ የት እንዳለች ጠየቀ። ወንድምየው በወጣላት ስም ጠርቶ፣ መንገድ ላይ ናት አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ውሸት መናገር አግባብ አይደለም፤ ይህ ግን ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ያ የጉዞ ፈቃድ ቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊም ሆነ በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ ውስጥ የሚገኝ የውጭ ዜጋ የመዘዋወር ነጻነት እንዳለው ደነገገ። በ1988 ዓ.ም. መስከረም ሚስትየዋ ያለ አንዳች ወረቀት ተሳፍራ ኪራሙ ገባች። ማንም አላስቆማትም። መቃብሩን አሳዩአት፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትም አሳዩአት።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 የ1922ቱን ሕግ ሻረ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያዊን ያገባ የውጭ ዜጋ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ በጋብቻው ብቻ ኢትዮጵያዊ አይሆንም፤ ጋብቻው ቢያንስ ሁለት ዓመት ከሞላው፣ አመልካቹም ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ከኖረ መጠየቅ ይችላል። አዲሱ ሕግ ከአሮጌው ይልቅ ቆጣቢ ነው፤ ነገር ግን ለወንድና ለሴት እኩል ነው፤ የሰውየውንም ፈቃድ ይጠይቃል። ሚስትየዋ የተወለደችበት አገር በ1991 እ.ኤ.አ. ፈርሶ ፓስፖርቷ የሌለ መንግሥት ፓስፖርት ሆኖ ስለ ነበር፣ ወረቀት ሳትጠይቅ የኖረችበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ዛሬ ወደ ኪራሙ ለመሄድ የሚጠየቅ የጉዞ ፈቃድ የለም። ሆኖም ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በኪራሙና በአካባቢዋ በደረሰው ግድያና መፈናቀል ምክንያት ያ መንገድ በፈለጉት ቀን ተነሥተው የሚሄዱበት መንገድ አልነበረም። ከየካቲት 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኪየቭ ራስዋ የጦርነት ከተማ ሆናለች። አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ በሁለት በኩል ወሬ እየጠበቀ የሚያድርበት ጊዜ መጣ፤ ስልክ ከወንድምየው ቤት ሲመጣና ከእኅትዋ ቤት ሲመጣ ቤቱ በእኩል ይደነግጣል።

ያ የ10 ቀን ፈቃድ አልጠፋም። በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ውስጥ ታጥፎ ይገኛል፤ ጠርዙ ላይ የቅቤ ነጠብጣብ አለበት። ልጆቹ አድገው በየራሳቸው ስፍራ ይኖራሉ፤ ቅጽ በሞሉ ቁጥርም በሁለት መዝገብ በሁለት ዓይነት የተጻፈውን ሦስተኛ ስማቸውን ለማብራራት ይገደዳሉ፤ አንዱ የአያታቸው፣ አንዱ የቅድመ አያታቸው ነው። እናታቸው ግን በያዘቻቸው ወረቀቶች ሁሉ ላይ ሦስተኛ ስሟ አንድ ነው።